የኮሶ አበባና የሥዕሉ ታሪክ

ባለፈው ጥር ወር አንድ ወጣት ዘመዴ በባሌ ተራራ ከዲንሾ አጠገብ ያነሣውን ፎቶግራፍ ይዞልኝ መጣና፥ «ይህ አበባ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ከቅርንጫፍ ጫፍ ቍልቍል የተንጠለጠለ፥ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቸ፥ መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ አበባ ነበረ። ቅጠሉ ረጅም ሆኖ በግራና በቀኝ እንደ ላባ የተደረደረ፥ ዳርዳሩም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። ዛፉ ግን በሙሉ አይታይም፤ ግንዱም፥ ቁመቱም፥ በአጠገቡ የበቀለውም ነገር ሁሉ ከፎቶግራፉ ውጭ ቀርቶአል። ልጁ አስቀድሞ የአበባ ስም ይነግራል የሚባለውን በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ መሣሪያ ጠይቆ ነበረና ሦስት የተለያዩ የፈረንጅ ስሞች ሰጥቶት እርስ በርሳቸው አልስማማ ብለውታል። እኔም ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት፤ ልለየው ግን አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ጎረቤታችን አሳየናቸው። እሳቸውም ፎቶግራፉን ተቀብለው ገና በወጉ ሳይመለከቱት፥ መራራ ነገር እንደ ቀመሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱና፥ «ኮሶ ነው እንጂ! ያውም የሚጠጣው፥ ቀዩ» አሉ።

እኔም ዐፈርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚመር ነገር ሁሉ በኮሶ ሲመሰል እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ የተወቀጠውንም አበባ በገበያ አይቼዋለሁ። አበባው በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በሥዕል ባየሁት ጊዜ ግን እንግዳ ሆነብኝ። ነገሩም በዚሁ ዛፍ ላይ የደረሰውን የቀድሞ ታሪክ አሳሰበኝ። የኮሶ አበባ ሥዕል ወደ አውሮፓ ከተሻገረ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና፥ በዚያም ሥዕሉን ተመልክተው ዛፉን ያላወቁት፥ ዛፉንም ይዘው ሥዕሉን ያላስተዋሉት ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1769 ዓ.ም. በመስከረም ወር በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ በ1770 ዓ.ም. በየካቲት ጐንደር ደረሰ። በዚያ ጊዜ በዙፋን የተቀመጡት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ኀይሉ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። የሀገራችን ሰዎች ብሩስን ይልቁን የሚያስታውሱት መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይዞ በመሄዱ ነው። የዓባይን ምንጭ ለማየት ያደረገውም ጉዞ የታወቀ ነው፤ በ1770 ዓ.ም. በኅዳር መግቢያ ግሽ ዓባይ ደርሶአልና። ስለ ዕፅዋት የሠራው ሥራ ግን ከሁለቱ ያነሰ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። በ1737 ዓ.ም. በቦሎኛ ከተማ የተወለደ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የኢጣልያ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ባሉጋኒ መጀመሪያ የተቀጠረው በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች እንዲሥል ነው። ወደ ሀገራችን ከገባ በኋላ ግን ብርዕና ቀለሙን ወደ ዛፎች፥ ወደ አበቦችና ወደ አእዋፍ መለሰ። ቁልቋልን፥ ቀንጠፋን፥ ዋንዛን፥ ቋራን፥ ወልከፋን፥ ዋጊኖስን፥ እንሰትን፥ ጤፍን፥ ኮሶን ሣለ። በ1771 ዓ.ም. በጐንደር ታምሞ ሞተ። ሥዕሎቹን ብሩስ ይዞ ወደ ሀገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ በ1790 ዓ.ም. ብሩስ የመንገዱን ታሪክ በኤድንብራ በአምስት ክፍል አሳተመ። አምስተኛው ክፍል ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የተጻፈ ነው፤ ከየሥዕሉም ጋር ረዘም ያለ ቃል አለው። ስለ ኮሶም ሲናገር፥ በደጋ የሚበቅል መልካም ዛፍ መሆኑን፥ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በጥዱ መካከል ለመንደሩ ሰው ጥቅም እየተተከለ እንደሚገኝ፥ ወንዱም ሴቱም ከሆድ ትል ለመንጻት አበባውን በየጊዜው እንደሚጠጡ ጻፈ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም በብዙ የደጋ አጥቢያ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከኮሶ ዛፍ ጋር ይታያል። ነገር ግን ብሩስ ከዚህ አልፎ፥ ኢትዮጵያውያን ወደ ሌላ ሀገር የማይሄዱት ይህ መድኃኒት በውጭ ስለማይገኝ ነው፥ የሚሄዱትም ዕድሜያቸው ያጥራል ብሎ ነበር። በዚህ እንኳ አናምነውም። መነኮሳቱ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወርዱ ኖረዋል፤ ኮሶ ባይገኝ መንገዱን በተዉት ነበር ማለት አይቻልም።

ብሩስ ለዛፉ የፈረንጅ ስም ሲያወጣለት በዕፅዋት ዕውቀት የታወቀውን እንግሊዛዊ ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር በእርሱ ስም ጠራው። ስሙ ግን አልጸናም። በ1782 ዓ.ም. የታላቁ የስዊድን ሊቅ የሊኔ ልጅ ይህንኑ የባንክስን ስም በአውስትራልያ ለሚበቅል ሌላ ወገን አስቀድሞ ሰጥቶት ነበረና፥ አንድ ስም ለሁለት የማይመሳሰሉ ወገኖች ሊሆን አልቻለም።

አሁን አንባቢ ሆይ፥ በ1790 ዓ.ም. የብሩስን መጽሐፍ ገዝቶ በጀርመን ሀገር በጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሊቅ በዐይንህ ፊት አቁም። ኢትዮጵያን አላየም፤ ወደፊትም አያይም። በእጁ ያለው በመዳብ ላይ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም የታተመ ሥዕል ነው። የአበባው ቅላት የለም፤ ቀለሙ በጐንደር በተሣለው ወረቀት ላይ ቀርቶአልና። ልጣጩ እየተላጠ የሚወርደው ቀላ ያለ ግንድ የለም። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር ጐድሎአል። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ የሚበቅሉ ናቸው፤ የሴቴው አበባ ወደ ቀይ ያደላል፥ የወንዴው ግን ዳለቻ ወይም ብርቱካን መሳይ ነው። የአንድ ቅርንጫፍ ሥዕል ሁለቱን ዛፎች ሊያሳይ አይችልም። እንግዲህ ያ ሊቅ የሚፈርደው በመስመርና በቃል ብቻ ነው።

ያ ሊቅ በጎቲንገን መምህር የነበረው ዮሐን ፍሪድሪኽ ግመሊን ነው። እርሱ የሊኔን «የተፈጥሮ ሥርዐት» የተባለውን መጽሐፍ ሊቁ ከሞተ በኋላ እያሰፋ ያሳትም ነበርና፥ በየመንገደኛው መጽሐፍ የተገኘውን አዲስ ተክል ሁሉ እየለቀመ ስምና ስፍራ ይሰጠው ነበር። በ1791 ዓ.ም. ባወጣው ክፍል የብሩስን ሥዕሎችም በዚህ ዐይነት አስገባቸው። ፍርዱም እንደየሥዕሉ የተለያየ ሆነ። ብሩስ በሊማሊሞ አይቶ «ጋጉዲ» ብሎ የጻፈውን ተክል ግመሊን ፕሮቴያ ከሚባለው ወገን ቈጠረው፤ ይህ ትክክል ነው፥ ስሙም እስከ ዛሬ «ፕሮቴያ ጋጉዲ» እንደ ተባለ ይኖራል። ባሕር ተሻግሮ በወረቀት ላይ ብቻ ያየውን አበባ ወገኑን አውቆ ማስቀመጥ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው። ወልከፋንም በአማርኛ ስሙ «ዋልኩፋ» ብሎ ጠራው። በእንሰት ግን ተሳሳተ፤ ይህን ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ኮሶን ደግሞ ከሚያውቃቸው ወገኖች ከአንዱም ጋር ሊያስማማው ስላልቻለ አዲስ ወገን አደረገው፥ ይህም መልካም ፍርድ ነበረ። ለስሙ ግን የሀገሩን ቃል ትቶ በኮኒግስበርግ የመድኃኒትና የዕፅዋት ሊቅ በነበረው በካርል ጎትፍሪድ ሐገን ስም «ሐገኒያ» አለው። በእኛ አሳብ ግመሊን ወልከፋን በስሙ እንዳኖረው ኮሶንም በስሙ ቢያኖረው ኖሮ፥ ኋላ የመጣው ስሕተት ምናልባት ባልሆነ ነበር።

ስሕተቱም እንዲህ ነው። በቁስጥንጥንያ ብራዬ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ይኖር ነበረ። በዚያ ከተማ ከሐበሻ የመጣ አበባ የሆድ ትልን ሲያወጣ አይቶ ጥቂት ቍራሽ ወደ ፓሪስ አመጣ። በፓሪስም በዚያ ጊዜ ይሠራ ለነበረው ለጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ኩንት ደረሰው። ኩንት በእጁ የነበረው ሥዕል አይደለም፤ የደረቀና የተሰባበረ አበባ ነው። ዛፉ ምን እንደሚመስል፥ ቅጠሉ ምን እንደ ሆነ የሚነግረው አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ከስብርባሪው አበባው ከጽጌረዳ ወገን መሆኑን ለየ። መራራው ኮሶና መዓዛው የሚያስደስተው ጽጌረዳ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ኩንትም አዲስ ተክል ያገኘ መስሎት ሐኪሙን በማክበር «ብራዬራ» አለው። ይህ በ1820ዎቹ ዓመታት ሆነ።

የብሩስ መጽሐፍ ከታተመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የኮሶ ሥዕል በአውሮፓ ታላላቅ የመጻሕፍት ቤቶች ውስጥ ተቀምጦአል። እንግዲህ አንደኛው ሊቅ አበባውን ሳያይ ሥዕሉን አየ፥ ሁለተኛው ሥዕሉን ሳያስተውል አበባውን ያዘ። ሁለቱም በየበኩላቸው መልካም ሠሩ፤ አንዱ ዛፍ ግን ሁለት ስም ይዞ ቀረ። የሀገሩ ስም ሊያገናኛቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ስሙ በብዙ አፍ አልፎ ስለ ደረሰ መልኩን ለውጦአል። በዚያ ዘመን በነበሩት የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ኮሶ «ኩሶ»፥ «ኮትዝ»፥ «ካቦትዝ» እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። ካቦትዝን ያየ ሰው ኮሶ ነው ብሎ እንዴት ያስብ? በትግርኛ ሐበ መባሉም ተጨምሮ «ሐቢ» የሚል ሌላ ስም አስገኘለት።

ይህ ጉዳይ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። በ1850 ዓ.ም. ገደማ ኮሶ በፓሪስና በሎንዶን መድኃኒት ቤቶች እጅግ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በ1864 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶአል። የሚገዛው ሰው ታማሚ ነው፥ የሚሸጠውም ሰው ዛፉን አይቶት አያውቅም። መድኃኒት ሆኖ የሚፈለገው ቀዩ የሴቴ አበባ ሲሆን፥ የወንዴው ሲቀላቀልበት ማስታወክን ያመጣል እየተባለ ይነቀፍ ነበር። የደረቀውን ዱቄት ከፊቱ አኑሮ ይህ ሴቴ ነው ይህ ወንዴ ነው ለማለት፥ መድኃኒተኛው ዛፉን ወይም ቢያንስ ሁለቱን አበቦች ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልገው ነበረ። ጎረቤታችን በፎቶግራፉ ላይ «የሚጠጣው፥ ቀዩ» ያሉት ቃል በአውሮፓ መድኃኒተኞች ዘንድ የብዙ ብር ዋጋ የነበረው ዕውቀት ነው።

ሁለቱ ስሞች የአንድ ዛፍ መሆናቸው በደንብ የታወቀው ከሀገራችን የደረቁ ቅርንጫፎች ከአበባቸውና ከቅጠላቸው ጋር በብዛት ወደ አውሮፓ መድረስ ከጀመሩ በኋላ ነው። ይህንንም ሥራ ከሠሩት መካከል ጀርመናዊው ሺምፐር ከ1837 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ተቀምጦ ዕድሜውን ሁሉ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ ሞተ። ከፈረንሳይ የመጡት ካርቴን ዲዮንና ፔቲ ግን ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም፤ የመጀመሪያው በንዳድ ሞተ፥ ሁለተኛው በ1843 ዓ.ም. ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ወረቀት ላይ ተለጥፈው የምናያቸው የሀገራችን ቅጠሎች እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎባቸዋል። ከሁለቱም ስሞች የግመሊን ቀድሞ የወጣ ስለ ሆነ፥ በዕፅዋት ሊቃውንት ሕግ መሠረት ሐገኒያ ጸንቶ ብራዬራ ቀረ።

አሁን ወደ እንሰት እንመለስ፤ የእርሱ ነገር ከኮሶ ይልቅ ያስገርማልና። ብሩስ በጐንደር አካባቢ ያየውን እንሰት አሥሎ፥ ስሙን «እንሰቴ» ብሎ ጽፎ፥ ይህ ተክል ሙዝ አይደለም ብሎ አጥብቆ ተናግሮ ነበር። ግመሊን ግን ሥዕሉን አይቶ ከሙዝ ወገን ቈጠረው። በሥዕል ላይ ሲታይ የማይሳሳት የለም፤ ቅጠሉ የሙዝ ቅጠል፥ ቁመናውም የሙዝ ቁመና ነው። ነገር ግን ሙዝ ከሥሩ እየደጋገመ ሲያቈጠቍጥ እንሰት ሰው ካልቈረጠው በቀር በአንድ ግንድ የሚኖር፥ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት፥ ፍሬውም ትልልቅ ጠንካራ ዘር የሞላበት ነው። ይህን አንዱንም ሥዕል አይናገርም፤ የሚናገረው ሲተክለውና ሲፍቀው የኖረ ሰው ነው። ብሩስ ይህን ከሰዎቹ ሰምቶአል፥ ግመሊን ግን አልሰማውም፥ ወይም ሰምቶ አላመነም።

በ1853 ዓ.ም. ደግሞ በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ከሀገራችን ያገኘውን ዘር በሎንዶን አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ኪው የዕፅዋት ገነት ላከ፤ ስሙም በሀገሩ ቋንቋ «አንሰት» መሆኑን ጨምሮ ጻፈ። በኪው ግን እንዲህ ያለ ዘር አይተው አያውቁም ነበርና ምን እንደ ሆነ አላወቁትም። የብሩስ መጽሐፍ ከታተመ ስድሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስሙና ሥዕሉ በአንድ ገጽ ላይ ተያይዘው አሉ፥ ነገር ግን «አንሰት» የሚለውን ሰምቶ «እንሰቴ» የሚለውን የገለጠ አልነበረም። ዘሩ ከተዘራ በኋላ በቅሎ፥ ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። እንግዲህ ስለ ኮሶ ስንናገር የሀገሩ ስም ቢኖር ኖሮ ብለን ነበር፤ በእንሰት ግን ስሙም ነበረ፥ የሚያስተውለው ግን ጠፋ። የራሳችንን አሳብ ራሳችን እንዲህ ማፍረሳችንን አንባቢ ይታገሠን።

ብሩስ ስለ እንሰት የተናገረው ቃል በመጨረሻ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1947 ዓ.ም. ቺዝማን የሚባል የሙዝ ሊቅ ነገሩን ሁሉ መርምሮ እንሰት ከሙዝ የተለየ የራሱ ወገን መሆኑን አስረዳ፤ የወገኑም ስም በዓለም ሁሉ ዛሬ «እንሰቴ» ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ከእርሱ የሚገኘውን ቆጮ እየበላ ስለሚኖር፥ ይህ ስም መጽናቱ የሚያስደስት ነው።

ነገር ግን ብሩስም ራሱ ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ስለ እንሰት ሲጽፍ፥ በግብፅ በጥንት ዘመን ከተሠሩት ምስሎች መካከል ኢሲስ የተባለችው ጣዖት በሰፋፊ ቅጠሎች መካከል ተቀምጣ እንደምትታይ አስታወሰ። ሌሎች ቅጠሉን የሙዝ ነው ይሉ ነበር። ብሩስ ግን ሙዝ ለግብፅ ምድር መጤ መሆኑን አይቶ፥ ቅጠሉ የእንሰት ነው፥ ግብፃውያንም ተክሉን ከሐበሻ ያውቁታል አለ። ሙዝ ለግብፅ መጤ መሆኑን በማስተዋሉ ልክ ነበረ። ይሁን እንጂ ከዚያ እስከ እንሰት ያለው መንገድ ሩቅ ነው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሰፊ ቅጠል አበባም የለው፥ ፍሬም የለው፥ ስሙም ከአጠገቡ አልተጻፈ፤ በልቡ የሚወደውን ተክል በየምስሉ ማየት ለብሩስ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። እኔም የኮሶውን ፎቶግራፍ ካወቅሁ ወዲህ በየመንገዱ ዳር ያለ የተንጠለጠለ አበባ ሁሉ ኮሶ እየመሰለኝ ተቸግሬአለሁ።

አሁን ስለ ሠዓሊው አንድ ነገር ሳንናገር ብንተው በደል ይሆናል። ብሩስ መጽሐፉን ሲያሳትም ባሉጋኒ በሥዕሎቹ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም፤ ወደ ግሽ ዓባይም በተደረገው መንገድ አብሮት እንደ ነበረ አልተናገረም። አንባቢም ሥዕሎቹ የብሩስ የእጁ ሥራ ይመስለው ነበር። ዕፅዋቱ ስማቸውን ሲያጡና ሲያገኙ፥ የሣላቸው ሰው ስም በጐንደር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች አልጠፉም። በብሩስ ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ዘመን ተቀምጠው ከኖሩ በኋላ አሜሪካዊው ፖል ሜሎን አግኝቶአቸው፥ ዛሬ በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ በየል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በ1991 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች፥ የሥዕል ታሪክ ዐዋቂው ፖል ሐልተን፥ የኪው ሰው ናይጀል ሔፐርና የዴንማርኩ ሊቅ ኢብ ፍሪስ፥ በባሉጋኒ ስም አንድ መጽሐፍ አወጡ። ሁለቱ የዕፅዋት ሊቃውንት እያንዳንዱን ሥዕል አንሥተው ይህ እገሌ ነው፥ ይህ እገሌ ነው ብለው ስሙን ወሰኑለት። የሁለት መቶ ሃያ ዓመት ሥዕል ነው፤ የሣለው ሰው የለም የሚጠየቅ። ግመሊን ያልነበረው ነገር ግን እነርሱ ነበራቸው። የመዳቡን ኅትመት ሳይሆን ባሉጋኒ በእጁ የቀባውን ቀለም አዩ። ፍሪስ በሀገራችን ደኖች ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ሰው ነው። በአጠገባቸውም ከሺምፐር ጀምሮ የተሰበሰቡት የደረቁ ቅርንጫፎች፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኖሪያ ያሉትም ሳይቀሩ፥ ለማመሳከሪያ ነበሩ። ባሉጋኒ ሲሥል ቅጠሉን ከነጀርባው፥ አበባውን ከፍሎ፥ ፍሬውንም ለይቶ ያሳይ ስለ ነበር ሥራቸውን አቃለለላቸው። ለጌጥ ቢሥል ኖሮ ሥዕሉ ለግድግዳ ይሆን ነበር እንጂ ለዚህ ባልጠቀመም።

የሀገራችንን ዕፅዋት ሁሉ የሚገልጸው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተባለው ታላቅ መጽሐፍም ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በየክፍሉ ታትሞ ተፈጽሞአል፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ የሀገራችን ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። በእርሱ ውስጥ ኮሶን የፈለገ ሰው ሐገኒያ በሚለው ስም ከጽጌረዳ ወገን ያገኘዋል፤ የሀገሩ ስሞችም ከአጠገቡ ተጽፈዋል። በሐገኒያ ወገን ከኮሶ በቀር ሌላ ዛፍ የለም፤ በዓለም አንድ ብቻ ነው። በሀገራችንም ሳንቃው ስለሚፈለግ እየሳሳ ሄዶ፥ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከጥድ፥ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር እንዳይቈረጥ ከልክሎት ነበር።

ወጣቱ ዘመዴ ይህን ታሪክ ከነገርሁት በኋላ ወደ ዲንሾ ሁለተኛ ሄደ። በዚህ ጊዜ የአበባውን ፎቶግራፍ ብቻ አላነሣም፤ የግንዱን ልጣጭ፥ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፥ ዛፉንም ከሩቅ አነሣ። ከዚያው አጠገብ ካለ ከሌላ ዛፍ ላይ ደግሞ ዳለቻ አበባ አይቶ እርሱንም አመጣ። ጎረቤታችንም ሁለተኛውን ፎቶግራፍ አይተው፥ «ይህ ወንዴው ነው፥ አይጠጣም» አሉት። እርሱም ፎቶግራፎቹን አሳትሞ በየጀርባቸው በእርሳስ እንዲህ ጻፈ፦ በአንዱ «ኮሶ፥ ሴቴ፥ ዲንሾ፥ በጥር»፤ በሌላው «ኮሶ፥ ወንዴ፥ ዲንሾ፥ በየካቲት»፤ ከሁለቱም በታች የነገሩትን የሴትዮዋን ስም።